አትሰማም ብለሽ አታውጫት

ጥያቄ፦ የቋንቋ ጥናት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። «ገና» ሲጠብቅ (በዓሉ) እና ሲላላ («ገና አልመጣም» እንደምንለው) አድማጮች በጫጫታ ውስጥ ይለዩት እንደሆነ እየፈተንኩ ነው። ሁለቱንም 50፣ 50 ጊዜ አሰማኋቸው። የጠበቀውን አንዱ 45 ጊዜ «ጠብቋል» ብሎ አገኘው። አንዷ ያገኘችው 20 ብቻ ነው። ከዳታው ላውጣት?

መልስ፦ ኧረ ተዪ እህቴ! የላክሽውን ፋይል ከፍቼ አየሁት። አንቺ የቆጠርሽው የጠበቀውን ብቻ ነው። የላላውን ስታሰሚያቸውስ ምን አሉ? ሰውዬው የላላውንም 30 ጊዜ «ጠብቋል» ብሎታል። ልጅቷ ግን የተሳሳተችው 5 ጊዜ ብቻ ነው።

የጆሮ ምርመራ ስጀምር አንድ አዛውንት ድምፅ ሳልለቅ ቁልፉን ጠቅ ጠቅ ያደርጉ ነበር። ምነው አባባ ስላቸው «እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። ያንቺ ሰውዬም እንደሳቸው ነው ብትዪኝ አልገረምም። ይሄ የጆሮ ጉዳይ አይደለም፤ የመልስ ዝንባሌ ነው፤ ማለትም ሲያመነታ ወደ አንዱ መልስ ማዘንበል። የመለየት አቅምንና ዝንባሌን ለይቶ መለኪያው የመጣው ከራዳር ሥራ ሲሆን፣ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመስማት ጥናትም ይሠራበታል።

ኤክሴል ላይ እንዲህ አድርጊ። የሰውዬው ትክክለኛ «ጠብቋል» 0.9 (45 ከ50)፣ የሐሰቱ 0.6 (30 ከ50) ነው። ኖርም.ኤስ.ኢንቭ (NORM.S.INV) በሚለው ፎርሙላ ወደ ዘድ (ከአማካዩ ያለውን ርቀት በስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደሚለካው ቁጥር) ሲቀየሩ 1.28 እና 0.25 ይሆናሉ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሺ፤ 1.03። ይሄ ዲ ፕራይም ነው፤ የመለየት አቅሙ። የልጅቷ ደግሞ 0.4 እና 0.1 ነው። ዘዳቸው −0.25 እና −1.28። ቀንሺው፤ 1.03! ቁርጥ እኩል ናቸው።

ዝንባሌውን ለማግኘት ሁለቱን ዘድ ደምሪ፣ ለሁለት አካፍዪ፣ ምልክቱን ገልብጪ። የእሱ −0.77፣ የእሷ +0.77 ይመጣል። ኔጌቲቭ ከሆነ አድማጩ «ጠብቋል» ለማለት እጁ ይፈጥናል። ፖዘቲቭ ከሆነ ይቆጠባል። በነገራችን ላይ ከመቶ ስንት አገኙ ብለሽ ብትቆጥሪ ሁለቱም 65 ናቸው። ስለዚህ መቶኛም ይሄን ደብቆብሽ ያልፍ ነበር።

ስሌቱን ለየሰዉ ለየብቻ ሥሪ፤ ሁሉን ደባልቀሽ አይሆንም። ከ50 ዜሮ ወይም 50 ያመጣ ካለ ኤክሴሉ ስህተት ይልሻል። ያኔ ቁጥሩ ላይ 0.5፣ ጠቅላላው ላይ 1 ጨምሪ። ግን ለሁሉም አድማጮች ጨምሪ፣ ለቸገረሽ ብቻ አይደለም።

ዝንባሌው ከቃሉም ሊመጣ ይችላል። የላላው «ገና» ዓመት ሙሉ አፋችን ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ብትፈትኚያቸው ደግሞ በዓሉ ቢቀድማቸው አይፈረድባቸውም። ወሩን ጻፊው። «ጠብቋል» የሚለውን ቁልፍም ለግማሾቹ በቀኝ፣ ለግማሾቹ በግራ አድርጊው።

ሁለቱን ቃላት አከታትለሽ አሰምተሽ «የጠበቀው የትኛው ነው?» ብትዪ ዝንባሌው ይቀንሳል። ሆኖም ሁልጊዜ ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው አይጠፋምና ቅደም ተከተሉን በዕጣ አቀያይሪው።

ያነበብሽላቸውን መመሪያም ደግመሽ እዪው። «እርግጠኛ ካልሆናችሁ ላልቷል በሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት፣ የልጅቷ 20 ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።