ማዳበሪያ ከመጨመርህ በፊት ውሃውን አስወጣለት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሩብ ሄክታር በርበሬ ተክለሃል፣ ማዳበሪያ አልሰሰትክም፣ ግን ጎረቤቶችህ ከሚያገኙት ግማሹን እንኳ አላገኘህም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተክሉ ቆሞ ይደርቅብኛል ብለሃል። «ምርቱ እንዲበዛ ምን ልጨምር?» ነው ያልከው። እኔ ፍኖተ ሰላም አካባቢ በርበሬ ስተክል 14 ዓመት ሆኖኛል። የደረሰብህ እኔም ላይ ደርሷል። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። በመስመር መካከል 70፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሩብ ሄክታር ወደ 12 ሺህ ችግኝ ይይዛል። ከአንዱ ግንድ 50 ግራም ደረቅ ዛላ ብታገኝ 6 ኩንታል ነው። አሁን 4 ሺው ክረምት ላይ ደረቀ እንበል። የቀረው ምንም ቢያምር 2 ኩንታል ሄደ። ያንን ዩሪያ አይመልሰውም። ስለዚህ እኔ ብሆን «ምን ልጨምር» ሳይሆን «ስንቱ ግንድ ጥቅምት ይደርስልኛል» ብዬ ነው የምነሳው።

እኔ በሦስተኛ ዓመቴ የተከልኩት ከወንዙ አጠገብ ያለች ሜዳ ላይ ነበር። በበጋ መስኖ ድንች ያበቀልኩባት መሬት ናት። ዝናቡ ሳያቋርጥ ሰነበተና አንድ ቀን ጠዋት ስሄድ ቅጠሉ ሁሉ ተንጠልጥሎ ጠበቀኝ። መሬቱ ረጥቦ ተክሉ እንደ ተጠማ ይጠወልጋል። ግራ ገባኝ። ምግብ አጥሮት ነው ብዬ ዩሪያ ጨመርኩ። ባሰበት። በመጨረሻ አንዱን ነቅዬ አየሁት። ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን ጠቁሯል። በጣቴ ስነካው ልጣጩ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ተላቀቀ። ሥሩ ቡናማ ሆኖ በስብሷል። ጳጉሜን ላይ ከግማሽ በላዩ አልቆ ነበር።

ይህ ሥር አበስብስ ነው። ሻጋታ መሰል ተሕዋስ ያመጣዋል፣ ፊቶፍቶራ ይሉታል። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ተክል ወደ ተክል የሚሄደው በውሃ ነው፤ ውሃ የተኛበት ቦታ ሁሉ መንገድ ይሆንለታል። ሌላም አጠውላጊ አለ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ። እሱ ድንችንም ቲማቲምንም ይይዛል። ሁለቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ጠውልጎ ገና ያልደረቀ ተክል ምረጥ። ከግንዱ ሥር በኩል ጣት የሚያህል ቁረጥና ንጹሕ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ነክረህ ሳታንቀሳቅስ ያዘው። ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያው ነው። ለእሱ የሚረጭ መድኃኒት የለም፤ የሚሸጥልህ ካለ ገንዘብህን አትስጠው። ክር ካልወጣና አንገቱ ከጠቆረ ግን ሥር አበስብሱ ይመስለኛል።

ሁለቱም የሚወዱት አንድ ነገር ነው፤ ረግረግ። ስለዚህ ሥራው ፈሰስ ላይ፣ ማለትም ውሃ ማስወጫው ቦይ ላይ ነው። ከእኛ አካባቢ ሰው ብዙው ለጤፍ ፈሰስ ያወጣል፣ ለበርበሬ ግን ይረሳዋል። እኔ አሁን በሜዳ አልተክልም። መደቡን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ችግኙን እላዩ ላይ ነው የማሳርፈው። ፈሰሱን ቀጥ አድርጎ ወደ ቁልቁለት መልቀቅ አፈሩን ይጠርገዋል፤ አግድም ለስለስ ባለ ዘንበል ውሰደው። ትልቁ ነገር ደግሞ ዝናብ እየዘነበ ዶማ ይዞ መውጣት ነው። ውሃው የት እንደሚቆም የሚታየው ያኔ ነው። በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ ብትሄድ የምታየው ጭቃ ብቻ ነው። የታመመ ተክል ካየህ ነቅለህ ከማሳው ውጭ አቃጥለው፣ ከዚያ በዶማው ወደ ጤነኛው አትሻገር፤ መጀመሪያ እጠበው።

ዘንድሮ የተበላሸችዋን መሬት ቢያንስ 3 ዓመት ለበቆሎ፣ ለጤፍ ወይም ለዳጉሳ ልቀቃት። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ እንዳይነካት። አውቃለሁ፣ መሬት ላነሰው ሰው ይህ ከባድ ነው። እኔም ለሁለት ዓመት ከጎረቤት እኩል አርሼ ነው ያለፍኩት።

አሁን ወደ ችግኙ። ዘሩን ከገበያ ከተሰጣ በርበሬ አንስተህ ከሆነ እሱ ራሱ ግማሽ ችግር ነው። አንድ ጊዜ «ማረቆ ፋና ነው» ተብሎ የገዛሁት ዘር አራት ዓይነት ዛላ አፈራብኝ። ገዢም ዋጋ ሰበረብኝ። በርበሬ ንብ ያዳቅለዋል። ዘር የምትይዘው ከማሳው መሀል፣ ከሌላ ዓይነት ራቅ ካለ፣ አንድም ቀን ካልጠወለገ ግንድ ይሁን። ማረቆ ፋና ትልቅ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ዛላ ስለሚሰጥ ለዱቄት ተፈላጊ ነው። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ሌሎች ዝርያዎችም አሉ፤ የወረዳህን የግብርና ባለሙያ ለአካባቢህ የትኛው እንደሚሆን ጠይቀው።

ዘሩን በመስመር ዝራ፣ በጣም አታጥልቀው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሣር አልብሰው። መብቀል ሲጀምር ሣሩን አንሳና ዳስ ሥራለት። ተጨናንቆ ያደገ ችግኝ ቁመቱ ያማልላል፣ ግንዱ ግን እንደ ክር ነው። አሳሳው። ከመንቀልህ ሳምንት ቀድመህ ውሃውን ቀንስ፣ ዳሱንም አንሳ፣ ፀሐይ ይልመድ። እርሳስ የሚያህል ውፍረትና ስንዝር የማይሞላ ቁመት ሲኖረው፣ ከ45 እስከ 60 ቀን ውስጥ፣ ወደ ማታ ትከለው። (ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። የትምባሆ ቫይረስ በርበሬንም ይይዛል።)

ማዳበሪያው ላይ ብዙ አልልም። ኤንፒኤሱን (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ያለበትን ማዳበሪያ) ስትተክል ስጠው። ዩሪያውን ለሁለት ክፈለው፤ ግማሹን ከተከልክ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ግማሹን አበባ ሲጀምር። ዩሪያ የበዛበት በርበሬ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ አበባው ይረግፋል። የእኛ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ ኮምጣጣ ስለሆነ አስመርምረህ ኖራ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ከማዳበሪያው በፊት የሚቀድመው ኖራው ነው። የበሰበሰ ፍግ ካለህ አትሰስትለት።

ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ቅጠሉን ሲያጨማድድ ካየህ ቶሎ ድረስበት፤ ቫይረስ የሚያዛምተው እሱ ነው። በማሳው ዙሪያ ሁለት ሦስት መስመር በቆሎ ቀድሞ መዝራት ጠቅሞኛል።

መስከረም ላይ የመጀመሪያዎቹን እሸት ለቅመህ በቃሪያነት ሽጣቸው። ብዙ ሰው «ይቅላልኝ» ብሎ ይተዋቸዋል። ግን የተሸከመ ተክል አዲስ አበባ አያበዛም። ሲለቀም ነው የሚቀጥለው። ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ በአንድ እጅ ያዝ፣ በሌላው ዛላውን ከነመንጠልጠያው ቁረጥ።

ቀዩን ደግሞ መሬት ላይ አታስጣው። ቆጥ ሠርተህ ሸራ ወይም ሰሌን ላይ አድርገው፣ ማታ ማታ ሸፍነው። ስታራግፈው ፍሬው ውስጥ ሲንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። ሚዛን እንዲያነሳ ብለው ውሃ የሚረጩ አሉ። እባክህ ይህን አታድርግ። እርጥብ ሆኖ የታሸገ በርበሬ ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ ጉበት የሚጎዳ ነው። ያንን በርበሬ የሰው ልጆች ናቸው የሚበሉት።

እኔ በሜዳ ስተክል ከሩብ ሄክታር 3 ኩንታል ደርሼ አላውቅም ነበር። ፈሰስ ከጀመርኩ ወዲህ በደህና ዓመት 6 ይሞላልኛል። የማዳበሪያው መጠን ያው ነው።

አሁን ማሳህ ላይ ገና የሚጠወልግ ካለ ምንም ሳትረጭ ነገ ጠዋት ያልኩህን ግንድ ቆርጠህ ብርጭቆው ውስጥ ያዘው። ፎቶውንና ማሳው ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን እንደ ተዘራበት እዚሁ ጻፍልኝ።