በዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ግልጽነትና ተጠያቂነት ላይ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የቦርዱ ቃለ ጉባኤ ይለጠፋል፤ ግን ሁሌም «በስፋት ተወያይቶ አጽድቋል» ነው የሚለው። ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ እንዲህ ከሆነ ምንም አይጠቅምም። ለውሳኔ የቀረቡት አማራጮች፣ ወጪው፣ የተለየ ሐሳብ ያለው አባል፣ ፈጻሚውና የጊዜ ገደቡ ሊጻፉ ይገባል። «የሚመለከተው ክፍል ይከታተለው» የተባለ ነገር ብዙ ጊዜ ተከታታይ የለውም።

ጥያቄ፦ ሰነድ ስንጠይቅ የሰው ስም ስላለበት ምስጢር ነው ይሉናል።

መልስ፦ ስሙ ተሸፍኖ ቀሪው ይሰጣል። እናንተም ጥያቄውን አጥብቡት። «የግዥ ሰነድ በሙሉ» ካላችሁ እምቢ ማለት ቀላል ነው። «የዚህ ጨረታ የቴክኒክ ግምገማ ውጤትና አሸናፊው የጸደቀበት ቃለ ጉባኤ» ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፤ መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥርና ቀን ሳይሰጣችሁ አትውጡ።

ጥያቄ፦ ጨረታው በይፋ ከወጣና አሸናፊው ከተለጠፈ ምን ቀረ?

መልስ፦ ዋናው ቀረ። ጨረታው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመውጣቱ በፊት ወይም ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። አስቀድሞ፣ አንድ አቅራቢ ብቻ እንዲያሟላው ተደርጎ የተጻፈ ስፔሲፊኬሽን (የሚገዛው ዕቃ ሊያሟላ የሚገባው ዝርዝር መስፈርት) አለ። ሌላው ግዥን መሸንሸን ነው፦ 60 ማይክሮስኮፕ በአንድ ጨረታ መገዛት ሲገባው፣ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ 20፣ 20 እየተባለ ጨረታ ማውጣት ግዴታ ከሚሆንበት የገንዘብ መጠን በታች ይገዛል። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ሲታይ ንጹሕ ነው! ስለዚህ የዓመቱን የግዥ ዕቅድ ከክፍያ ዝርዝሩ ጋር አስተያዩና ለአንድ አቅራቢ በተቀራራቢ ቀናት የተከፈለውን ደምሩ። ከፊርማ በኋላ ደግሞ የዋጋና የመጠን ለውጦችን ተመልከቱ፤ በዝቅተኛ ዋጋ አሸንፎ በውል ማሻሻያ ማካካስ የቆየ ዘዴ ነው።

ጥያቄ፦ የውስጥ ኦዲታችን ተጠሪነቱ ለፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የዕለት ተዕለት አስተዳደሩ በፕሬዚዳንቱ ሥር ቢሆን ግድ የለም። ዕቅዱን ማጽደቅ፣ ኃላፊውን መሾምና ማንሳት ግን የቦርዱ ሥልጣን ይሁን፤ ሰው ሊያነሳው የሚችለውን አለቃውን በነጻነት አይመረምርም።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ቁጥጥር የአካዳሚክ ነጻነትን አይነካም?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ዩኔስኮ ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ ነጻነትንና ተጠያቂነትን አብሮ ነው ያስቀመጠው። ገንዘቡ የት እንደዋለ መጠየቅ ሌላ፣ መምህሩ ምን ያስተምር ማለት ሌላ።

ጥያቄ፦ የውጤት ቅሬታ ተመልሶ ለዚያው መምህር ይላካል።

መልስ፦ ያ ቅሬታ መስማት አይባልም። የተማሪው ስምና የቀድሞው ነጥብ ተሸፍኖ ወረቀቱ ከመልስ መመሪያው ጋር ለሌላ አራሚ ይሰጥ። መመሪያው ከፈተናው በፊት ተዘጋጅቶ ካልተቀመጠ ግን ሁለተኛው አራሚም ያው በግምት ነው የሚያርመው።