ኳሷ ተመትታ ስትመለስ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ሰው ሠራሽ እጅና እግር ስሠራ ኖሬያለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ስንት ቀን ደክሜ የሠራሁትን እጅ፣ በወሩ እናቱ በፌስታል ይዛ መለሰችልኝ። «ያለሱ ይቀለዋል» አለችኝ። ተቀየምኩ። ልጁ ግን እዚያው ፊቴ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ክር በአንድ እጁ አሰረ።

የአሜሪካዊውን የቤዝቦል ወርዋሪ የጂም አቦትን ታሪክ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። በ1967 (ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው) በሚሺጋኗ የመኪና ከተማ ፍሊንት፣ ያለ ቀኝ መዳፍ ተወለደ። እሱም በልጅነቱ የተገጠመለትን ሰው ሠራሽ እጅ ጠልቶ ተወው።

በቤዝቦል ወርዋሪው የላካት ኳስ በዱላ ተመትታ ወደ እሱ ስትመለስ፣ በጓንት ይዞ እንደገና መወርወር አለበት። አቦት ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ አስደግፎ በግራው ይወረውራል፤ ኳሷ እንደወጣች ግራ እጁን ጓንቱ ውስጥ ይከትታል። ከያዛት ጓንቱን ቀኝ ብብቱ ሥር ወትፎ ኳሷን ይመዛል። ይህን ያጠናው ከግድግዳ ጋር ነው፤ እየወረወረ፣ ስትነጥር እየቀለበ፣ ሲለምደው ደግሞ ወደ ግድግዳው እየተጠጋ።

እኔን የማረከኝ ያ መጠጋት ነው። እናንተ ለውርወራው ትዘጋጃላችሁ፤ ለዲግሪው፣ ለቃለ መጠይቁ። የምትመለሰዋን ማን አጠና? የእኔዋ በፌስታል መጣች። «ምን መሥራት ትፈልጋለህ?» ብዬ ሳልጠይቅ ልኬት መውሰድ እስካቆም ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

አቦት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገነነ፤ በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ለፍጻሜ ጃፓንን አሸነፈ፤ በ1989 በታችኛው ሊግ ሳያልፍ በቀጥታ ዋናው ሊግ፣ ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ቡድን ገባ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1993 ለኒውዮርክ ያንኪስ ሲጫወት ክሊቭላንዶችን ዘጠኙንም ዙር አንድ ንጹሕ ምት ሳያስመታ አሸነፈ። እነዚያው ክሊቭላንዶች ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ቀደም ብለው ደብድበውት፣ አራተኛው ዙር ሳያልቅ ከሜዳ ወጥቶ ነበር።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ያን ድል ነው። እኔ 1996ን አበልጣለሁ፤ 2 አሸንፎ 18 ተሸነፈ፤ ወደ ታችኛው ሊግም ወረደ። በ1997 አልተጫወተም። በ1998 ከታች ጀምሮ ተመለሰና ለቺካጎ ዋይት ሶክስ በ5 ጨዋታ የመጀመሪያው ወርዋሪ ሆኖ ገብቶ አምስቱንም አሸነፈ። በመጨረሻው ዓመት፣ በ1999፣ ሚልዋኪ ሲገባ ሊጉ ወርዋሪዎችም ዱላ የሚይዙበት ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመቱ ለመምታት ቆመ። ሁለት ጊዜ ተሳካለት።