ከአስፋልት ዳር ላለ ማሳ ምን ዓይነት አጥር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ከገላን ወጣ ብሎ ነው። መሬቴን በአንድ በኩል ነባሩ የአዳማ አስፋልት፣ በሌላ በኩል ኮረኮንች መንገድ ያዋስኑታል። አስፋልቱን የሚነካው ጎን 120 ሜትር ይሆናል። አራት ላሞችና አሥራ ምናምን በጎች አሉኝ። በቀደም አንዷን በግ አይሱዙ ገጨብኝ። ጎረቤቴ «በባሕር ዛፍና በእሾህ ሽቦ እጠረው፣ በቂ ነው» ይለኛል። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ፊት ያቆምኩት አጥር ሁለት ክረምት ሳይሞላው ተጋደመ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለበጓ እግዚአብሔር ይተካልዎ። ጎረቤትዎ ስለ ላሞቹ ከሆነ ልክ ናቸው። ላም እሾህ ሲወጋት ትመለሳለች። በግ ግን ፀጉሯ ስለሚከልላት ብዙም አይሰማትም። አንገቷን በሁለት ሽቦ መሃል ካሾለከች ሌላው አካሏ ይከተላል። ግልገል ደግሞ ከሥር ነው የሚሾልከው። ስለዚህ አጥሩን የሚመርጡት በላሟ ሳይሆን በግልገሏ ልክ ነው።

ለአስፋልቱ ጎን እኔ የምመክርዎ ከታች 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መረብ ሽቦ፣ ከላዩ ሁለት መስመር የእሾህ ሽቦ ነው። ጠቅላላ ከፍታው 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። የመረቡ ታችኛው ጠርዝ መሬቱን ሊነካ ትንሽ ይቅረው። በየ3 ሜትሩ ቢተክሉ 41 ቋሚ ያስፈልግዎታል፤ የእሾህ ሽቦው 240 ሜትር ነው። ሱቅ ሲሄዱ የጥቅሉን ክብደት ብቻ ሰምተው አይመለሱ። ርዝመቱን ይጠይቁ፤ ቀጭን ሽቦና ወፍራም ሽቦ በኪሎ እኩል ቢሆኑም በሜትር ይለያያሉ።

አሁን ወደ ተጋደመው አጥር እንምጣ። ጥፋቱ የሽቦው አይደለም። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቋሚውን በየዓመቱ እየጨበጠ እየለቀቀ ያላላዋል። በሌላ መሬት 60 ሳንቲ ሜትር የሚበቃው ጉድጓድ እዚህ 80 ይሁን። የተቆፈረውን ጥቁር አፈር መልሰው አይሙሉበት፤ በገረጋንቲ ወይም በቀይ አሽ እየጠቀጠቁ ይሙሉት። በእናንተ በኩል እሱ አይጠፋም። ሲሚንቶ የሚጠቀሙ ከሆነ ጉድጓዱ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይበል። ከላይ የሰፋውን አፈሩ ሲያብጥ ከሥር ይዞ ያነሳዋል።

ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ እሺ። ግን እርጥቡን ቆርጠው በማግስቱ አይትከሉ። ቅርፊቱን ልጠው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ምስጥም ብስባሴም የሚበረታው አፈርና አየር በሚገናኙበት ቦታ ነው። እንጨቱን በእሳት የሚለበልቡ ሰዎች ጫፉን ብቻ ይነካኩና ይተዉታል፤ ልብለባው ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ያህል መድረስ አለበት። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡም አሉ። የጉድጓድ ውሃ አጠገብ ከሆነ ግን ተዉት።

ገንዘብ ካጠረዎ ከመሃል ቋሚዎች ይቆጥቡ እንጂ ከማዕዘኑ አይቆጥቡ። የሽቦው ጉልበት በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። የማዕዘኑ ቋሚ ወፍራም፣ 2 ሜትር ከ20 የሚረዝም ይሁን፤ 1 ሜትሩ መሬት ውስጥ ይግባ። ሽቦው ወደሚስብበት በኩል ሰያፍ ድጋፍ ይስጡትና የድጋፉን እግር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያሳርፉ። ሽቦውን የሚመቱት ከብቶቹ ባሉበት በኩል ነው። ላሟ ስትገፋው ቋሚው ላይ ይደገፋል። በመንገዱ በኩል ከመቱት ግን ምስማሩን እየነቀለች ትሄዳለች። ብዙ ሰው ለዓይን እንዲያምር ብሎ በውጭ በኩል ይመታዋል፤ አያዋጣም።

ከመቆፈርዎ በፊት የመንገዱ ይዞታ እስከየት እንደሆነ ከወረዳው ይጠይቁ። ቦዩ ዳር አይትከሉ፤ ጎርፍ ይዞት ይሄዳል፣ መንገዱ ሲጠገንም ማሽን ይነቅለዋል።

በሩን ኩርባ ላይ አያድርጉት፤ የሚከፈተውም ወደ ግቢ ይሁን። ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ቢል ደግሞ ከብቶቹ አስፋልቱ ላይ ሳይበተኑ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። በኩርባው በኩል ረጅም ተክልም አይኑር። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሾፌሩ ጥጃዋን ከአጥር በላይ ካላያት ፍሬን መያዣ ጊዜ የለውም።

የኮረኮንቹን ጎን በተክል ማጠር ይችላሉ። ቅንጭብ ብቻውን አልመክርም፤ ሥሩ ክፍት ስለሚሆን በግ አይመልስም፣ ወተቱም ዓይን ያቃጥላል። እኔ የምወደው ኮሽምን ነው። እሾሁ አይቻልም፣ ፍሬውም ለልጆች ነው። ችግኙን በግማሽ ሜትር ርቀት፣ በሁለት ረድፍ እያዛነፉ ይትከሉት። ለቋሚ የኮርች ግንድ ቢያቆሙ ራሱ ሥር ይሰዳል፤ በእሱ ላይ ጥቂት መስመር የእሾህ ሽቦ ይዘርጉ። ኮሽሙ ከብት እስኪመልስ ጥቂት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ከሥሩ የግራር ጭራሮ ይደርድሩ፤ አለበለዚያ ለጋውን በጎቹ ራሳቸው ይጨርሱታል።

በ2007 የተከፈተው የፍጥነት መንገድም ከእናንተ ሩቅ አይደለም። የመንገዱን አጥር አይንኩት፤ የእርስዎንም ሽቦ ከእሱ ጋር አያያይዙት። ለማሻገር በሥር ባለው መተላለፊያ ይሂዱ። የተቆረጠ ሽቦ ካዩ ከብት ሳይገባበት ለመንገዱ ሠራተኞች ይንገሩ።

ቁፋሮውን በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ያድርጉት፤ አፈሩ ጭቃም ድንጋይም ያልሆነበት ጊዜ ነው። የኮሽሙን ችግኝ ግን ከአሁኑ ይፈልጉ፤ የሚተከለው ዝናቡ ሲይዝ በሐምሌ ነው።