የአቶም ቦምቡ የእግዚአብሔር ቁጣ ነበር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር አይለይዎ። በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። በቅርቡ ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የተረፉ ሰዎች ያዩትን ሲናገሩ በዘጋቢ ፊልም አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ለአገልግሎት ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ ወንድም «ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ፤ ያውም የጣሊያን አጋሮች። እንደ ሰዶም እሳት ወረደባቸው» አለኝ። አንዲት እኅት ደግሞ «ሰማንያ ዓመት ሙሉ ያንኑ ማውራት ይቅር አለማለት ነው» አለች። መልስ አጣሁ። እውነት የእግዚአብሔር ቁጣ ነበር? የተረፉትስ ዝም ቢሉ ይሻል ነበር? ለልጆቹስ ልንገራቸው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ጥያቄሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን በቀጥታ ልመልስልሽ። አይደለም። በሰው አስከሬን ላይ ቆመን «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ብለን የምንፈርድበት ሥልጣን አልተሰጠንም። ወንድማችን ክፉ አስቦ የተናገረ አይመስለኝም። ነገር ግን የሆነውን በደንብ ቢያውቅ ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር። ስለዚህ ከጥቅሱ በፊት ታሪኩን እንይ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኦገስት 6 ቀን 1945፣ በእኛ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን በሂሮሺማ ላይ አንድ ቦምብ ጣለ። እስከዚያው ዓመት መጨረሻ ድረስ 140,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። በሦስተኛው ቀን ናጋሳኪ ተደገመች። እዚያም 70,000 ያህል ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እናቶች፣ ሽማግሌዎችና ተማሪዎች ናቸው። ጃፓን ለጉልበት ሥራ ያመጣቻቸው ብዙ ኮሪያውያንም አብረው ነደዱ።

ስለ ናጋሳኪ ትንሽ ልቆይ፤ ወንድማችን ይህን እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ። አውሮፕላኑ በዚያ ቀን የተነሣው ወደ ናጋሳኪ አልነበረም፣ ወደ ኮኩራ ከተማ ነበር። ኮኩራ ግን በደመናና በጭስ ተሸፍና አልታይ አለች። ዞሮ ዞሮ ሲያቅተው ወደ ናጋሳኪ ሄደ። ቦምቡ የፈነዳው ኡራካሚ በሚባለው ሰፈር ላይ ነው። ከዚያ 500 ሜትር ያህል ርቆ የኡራካሚ ካቴድራል ነበር፤ በዚያን ጊዜ በጃፓን ትልቁ የክርስቲያን ማኅበረሰብ የሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን። ቀኑ ነሐሴ 3 ነው። እኛ እዚህ ፍልሰታን ከያዝን ሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። እነርሱም በኦገስት 15 ለሚያከብሩት የእመቤታችን የዕርገት በዓል እየተዘጋጁ ነበር። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ላይ ካህናቱ በካቴድራሉ ውስጥ ንስሐ ይቀበሉ ነበር። ከውስጥ የወጣ ሰው የለም። ከሰፈሩ 12,000 ያህል ምእመናን 8,500 የሚሆኑት አለቁ።

እነዚህ ሰዎች እነማን እንደነበሩ ታውቂያለሽ? ክርስትና በጃፓን በ1614 ሲከለከል ሃይማኖታቸውን ደብቀው የያዙ ናቸው። ወደ 250 ዓመት ያህል ያለ ካህን፣ ያለ ቤተ ክርስቲያን ኖሩ። ልጆቻቸውን ራሳቸው እያጠመቁ፣ ጸሎቱን በቃል እያስተማሩ ቆዩ። በ1865 ናጋሳኪ ውስጥ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ጥቂቶቹ መጥተው እምነታቸውን ለፈረንሳዊው ካህን ገለጡለት፤ የእመቤታችን ሐውልት የት እንዳለም ጠየቁት። ከዚያ በኋላም መንግሥት ከ3,000 በላይ የኡራካሚ ሰዎችን አጋዘ። ከ600 በላይ የሚሆኑት በግዞት ሞቱ። የተረፉት በ1873 ተመልሰው ካቴድራላቸውን ሠሩ። እንግዲህ ቦምቡ የወደቀው እነርሱ ላይ ነው።

ደመናው ኮኩራን አዳነ እንበል። ታዲያ እግዚአብሔር የኮኩራን ሰው አጽድቆ የኡራካሚን ሰማዕታት ልጆች ኮነነ ልንል ነው? እንዲህ ዓይነት ፍርድ መጨረሻው አያምርም።

ደግሞ አንድ ነገር እንዳይሳት። እኔ የኡራካሚን ምእመናን ያነሣሁት ክርስቲያን ሲሞት ብቻ ስለምናዝን አይደለም። የሂሮሺማ ሕፃን ወላጆቹ ቡድሃ ቢያመልኩም በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነው። ነነዌም እኮ የአሕዛብ ከተማ ነበረች። እግዚአብሔር ለዮናስ የነገረው ግን ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከመቶ ሀያ ሺህ ስለሚበልጡ ሰዎች፣ ከዚያም አልፎ ስለ እንስሶቿ እንደሚያዝን ነው። ነቢዩ ከተማዋ ስላልጠፋች ተቆጣ፤ እግዚአብሔር ግን ራራላት።

ጌታችንም ይህን ጥያቄ በቀጥታ መልሶታል። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰዎች ሲሞቱ፣ እነዚያ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠየቀ። መልሱን ለእኛ አልተወውም፤ «አይደለም እላችኋለሁ» አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ ሰሚዎቹ አዞረ፤ ንስሐ ግቡ አላቸው። ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መጀመሪያ ላይ ታገኚዋለሽ።

ሰዶምን የሚጠቅስ ሰው ደግሞ ከዘፍጥረት 18 ይጀምር። አብርሃም ስለ ሰዶም ጥፋት ሲሰማ እሰይ አላለም። ቆሞ ለመነ። «በውኑ ጻድቁን ከኃጢአተኛ ጋር ታጠፋለህን?» እያለ ከሃምሳ እስከ አሥር ወረደ። በሂሮሺማና በናጋሳኪ የሆነው ደግሞ ከሰማይ የታዘዘ እሳት አይደለም። ሰዎች ቀደም ብለው ኮሚቴ አቋቁመው፣ ተሰብስበው የትኛው ከተማ ይመታ ብለው የመረጡት ነው። እግዚአብሔር ያላደረገውን በእርሱ ስም መመዝገብ ከባድ ነገር ነው።

ያኔም ይህ ተደርጓል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን በኦገስት 9 የሬዲዮ ንግግራቸው፣ ቦምቡ ወደ ጠላቶቻችን ሳይሆን ወደ እኛ ስለመጣ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን ብለዋል። ወደ ሂሮሺማ የሚበሩት አብራሪዎች ሲነሡም የጦሩ ቄስ ጸሎት አድርሶላቸዋል። የዚያው ክፍል የካቶሊክ ቄስ የነበሩት አባ ጆርጅ ዛበልካ ግን በኋለኛው ዘመናቸው በእጅጉ ተጸጸቱ። ያኔ አንድ ቃል ሳልቃወም ዝም ማለቴ በደል ነው እያሉ በአደባባይ መሰከሩ። ወደ ጃፓንም ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ካህን እንዲህ ሲያደርግ ማየት ለእኔ ብዙ ያስተምረኛል።

«የጣሊያን አጋሮች ነበሩ» ለሚለው ደግሞ ይኼን ልበል። ፋሺስት ኢጣሊያ በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ረጭታለች። ወታደሩንም፣ ገበሬውንም፣ ከብቱንም አቃጥሏል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ሰኔ ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም የተናገሩት ይህንኑ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው ተነሥቶ «ኢትዮጵያውያን በኃጢአታቸው ምክንያት ያገኙት ነው» ቢለን እንታገሠዋለን? አንታገሠውም። ታዲያ ለራሳችን ሙታን ያልፈቀድነውን ፍርድ ለሰው ሙታን ለምን እንፈቅዳለን?

የጃፓን ሠራዊት ንጹሕ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። በ1937 በቻይናዋ ናንጂንግ ከተማ ውስጥ የፈጸመው ጭፍጨፋ ለመናገርም የሚከብድ ነው። ኮሪያውያንንና ምርኮኞችን ያሰቃየው ሥቃይም እውነት ነው። ቦምቡ ባይጣል ኖሮ ጦርነቱ ረዝሞ ብዙ ሰው ያልቅ ነበር የሚሉም አሉ፤ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ቤተ ክርስቲያን ግን ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም የሚለውን የሕዝቅኤልን ቃል ይዛ ነው የምትቆመው። ቅዱስ ጳውሎስም መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ የሚሉትን ገሥጿል። በወታደሩ ጥፋት ሕፃኑን ማቃጠል በየትኛውም ስሌት ጽድቅ አይሆንም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ አልሸሽገውም። ከራሳቸው ከተረፉት መካከል እልቂቱን ከእግዚአብሔር ፈቃድ ጋር ያያያዙ ነበሩ። ዶክተር ታካሺ ናጋይ የኡራካሚ ምእመን ነበሩ፤ የራጅ ሐኪም። ቦምቡ ሲወድቅ በሥራ ላይ ነበሩ። በኋላ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ቤቱ አመድ ሆኗል። የባለቤታቸውን አጥንት ከአመዱ መካከል ለቀሙ፤ አጠገቡም የቀለጠ መቁጠሪያዋን አገኙ። በኅዳር ወር በፍርስራሹ አጠገብ የሙታን መታሰቢያ ጸሎት ሲደረግ፣ የሞቱት ለሰላም የቀረቡ የሚቃጠል መሥዋዕት ናቸው ብለው ተናገሩ። ይህን ንግግር ከዚያው ከናጋሳኪ ሰዎች አጥብቀው የተቃወሙት አሉ፤ የጣሉትን ሰዎች ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣል ብለው። እኔ ናጋይን አልወቅሳቸውም። የሚስቱን አጥንት በእጁ የለቀመ ሰው ከአምላኩ ጋር የሚነጋገረው የራሱ ነው። ኢዮብም ብዙ ተናግሯል። እግዚአብሔር የተቆጣው ግን በኢዮብ ላይ ሳይሆን ከውጭ መጥተው የመከራውን ምክንያት በተነተኑት ወዳጆቹ ላይ ነው። እኛ በዚህ ጉዳይ የወዳጆቹን ቦታ እንዳንይዝ እፈራለሁ።

በ1981 የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሂሮሺማ ላይ ቆመው ንግግራቸውን «ጦርነት የሰው ሥራ ነው» ብለው ጀመሩ። ከካቶሊካውያን ጋር በሃይማኖት ብንለያይም ይህን ቃል እቀበለዋለሁ። ሥቃያቸው ከአምላክ የተላከ መስሏቸው ለዓመታት አፋቸውን ዘግተው ከኖሩት የናጋሳኪ ምእመናን አንዳንዶቹ መናገር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ይወስደኛል።

«ሰማንያ ዓመት ሙሉ አወሩ» የሚለው ራሱ ልክ አይደለም። ሂባኩሻ የሚባሉት እነዚህ ተራፊዎች ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ነው የኖሩት። ጨረሩ ይተላለፋል፣ ልጆቻቸውም በሽተኛ ይሆናሉ እየተባለ ይገለሉ ነበር። ትዳር እንዳያጡ፣ ሥራ እንዳይከለከሉ የተረፉ መሆናቸውን ደበቁ። በ1956 ኒሆን ሂዳንክዮ የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ነው በኅብረት መናገር የቻሉት። ማኅበሩ በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል።

ስለ አንዱ ልንገርሽ። ሱሚቴሩ ታኒጉቺ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ናጋሳኪ ውስጥ በብስክሌት ፖስታ ሲያድል ቦምቡ ከኋላው ፈነዳ። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ተላጠ። 21 ወር በሆዱ ተኝቶ ቆየ፤ መገልበጥ አይችልም ነበር። ደረቱ ከመተኛት ብዛት ቆስሎ ከመበስበሱ የተነሣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል የልቡ ምት ይታይ ነበር። ግደሉኝ ብሎ ይለምን ነበር። ይህ ሰው አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ በ2017 በ88 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ያንን የተላጠ ጀርባውን ፎቶ ይዞ ዓለምን ዞረ። በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ፎቶውን ከፍ አድርጎ፣ እኔ የሙከራ እንስሳ ወይም መታያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ዓይናችሁን አታንሡ፣ እዩኝ ብሎ ለመነ።

ይህ ሰው ቂም የያዘ ይመስልሻል? ቂም ሌላው እንዲጎዳ ይመኛል። እነርሱ የሚሉት ግን አንድ ነገር ነው፤ በማንም ላይ አይደገም፣ በአሜሪካውያንም ላይ ቢሆን። ይህ ጸሎት ነው እንጂ ቂም አይደለም።

ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ ይቅር በላቸው ብሏል። ከትንሣኤው በኋላ ግን ቁስሉን አልደበቀም። ቶማስን ጣትህን ወደዚህ አምጣ አለው። ይቅርታና ምስክርነት በአንድ አካል ላይ አብረው ይኖራሉ። የአቤልም ደም ከምድር እንደጮኸ መጽሐፍ ይነግረናል፤ እግዚአብሔርም ዝም በል አላለውም። እኛ ራሳችን ለሞቱብን ሰዎች ተዝካር እናወጣለን፤ በየዓመቱ ስማቸውን በቤተ ክርስቲያን እናስጠራለን። ይህን ቂም ነው ያለን የለም። እና እኅታችን ሰማሁት፣ ሰለቸኝ ካለች ጉድለቱ ከተናጋሪው ሳይሆን ከሰሚው ነው፤ በፍቅር ንገሪያት።

ስለ ልጆቹ። ንገሪያቸው፣ ግን እንደ ዕድሜያቸው። ከአሥር ዓመት በታች ላሉት የሬሳና የቃጠሎ ፎቶ ፈጽሞ አታሳዪ። ስለ ሳዳኮ ሳሳኪ ንገሪያቸው። ሳዳኮ ቦምቡ ሲወድቅ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ በ12 ዓመቷ በደም ካንሰር ሞተች። ሆስፒታል ሳለች ከወረቀት ወፎች እያጠፈች ትሠራ ነበር። የክፍል ጓደኞቿ ግን እንዲሁ አልረሷትም፤ ገንዘብ አሰባስበው በ1958 ሂሮሺማ ላይ የሕፃናት መታሰቢያ እንዲቆም አደረጉ። ልጆች ይህን ይረዱታል፤ ጓደኛን አለመርሳት ያውቃሉ።

ለወጣቶቹ የታኒጉቺን ታሪክ ንገሪ። የሴትሱኮ ተርሎውንም ጨምሪ። በ13 ዓመቷ ሂሮሺማ ላይ በፍርስራሽ ሥር ተቀብራ ነበር፤ በጨለማው ውስጥ ጓደኞቿ «እማዬ አድኚኝ፣ አምላኬ አድነኝ» ሲሉ ትሰማ ነበር። አንድ ሰው ተስፋ አትቁረጪ፣ ግፊ፣ ብርሃኑ ወደሚታይበት ዳሂ ብሏት ወጣች። አብዛኞቹ ጓደኞቿ እዚያው ተቃጠሉ። እርስዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስለ እነርሱ ስትመሰክር ኖረች።

«እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ?» ብለው ይጠይቁሻል። እንዳትደነግጪ። ያንን ጥያቄ ዳዊትም በመዝሙሩ ጠይቆታል። የሌለሽን መልስ አትፍጠሪላቸው። ከእነርሱ ጋር ዳዊትን ድገሙ፤ በቅዳሴም ዲያቆኑ ስለ ሰላም ጸልዩ ሲል ሂሮሺማንና ናጋሳኪን በልባቸው እንዲያስቡ አስለምጃቸው። ነሐሴ 3 ልጆቹ ለፍልሰታ ቅዳሴ በሚመጡበት ሰሞን ስለሆነ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ከወንድማችን ጋር ግን በልጆቹ ፊት አትከራከሪ። አስቀድማችሁ ሁለታችሁ ሉቃስ 13ን አንብቡ፤ ስለ ኡራካሚም የነገርኩሽን ንገሪው። ባይስማማ ይዘሽው ነይ፣ ሦስታችን እንነጋገራለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።