አነስተኛ ትራክተር መንዳት ለምትጀምሩ፦ ጠይቁኝ

አነስተኛ ትራክተር የገዛችሁም ልትገዙ ያሰባችሁም ያልገባችሁን ጠይቁ። የማውቀውን ሳልደብቅ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መኪና ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። ትራክተር ይከብደኛል?

መልስ፦ መንዳቱ አይከብድህም፣ የሚያስቸግርህ የመኪና ልማድህ ነው። በብዙዎቹ ላይ ነዳጅ በእጅ ተሰጥቶ እዚያው ይቆያል፣ ስለዚህ ማርሽ ያለውን ለማቆም ፍሪሲዮን መርገጥ አለብህ። ሌላው ፍሬኑ ነው። የግራና የቀኝ የኋላ ጎማ የየራሳቸው ፔዳል አላቸው። መንገድ ላይ ስትወጣ ሁለቱን በማያያዣው አቆራኛቸው፤ በፍጥነት እየሄድክ አንዱን ብቻ ከረገጥክ ሊገለብጥህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማርሽ ያለው ይሻለኛል ወይስ ሃይድሮስታቲክ (በማርሽ ፈንታ በዘይት ግፊት የሚሄደው)? የምገዛው ሎደርም (ከፊት ያለው ማንሻ አካፋ) አለው።

መልስ፦ እህቴ፣ ሎደር ካለሽ ሃይድሮስታቲክ ያዢ። ወደፊትም ወደኋላም በፔዳል ነው፣ ስትለቂው ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ማረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማርሽ ያለውን እመርጥልሽ ነበር፣ ኃይል ብዙም አያባክንም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከ60 አልፏል፣ እውነቱን ለመናገር መገልበጡን እፈራለሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ መፍራትዎ ትክክል ነው። ሰው በብዛት የሚሞተው በመገልበጥ ነው። ከመቀመጫው ኋላ ያለው የብረት ቅስት ሁልጊዜ ይቁም፣ ቀበቶም ይሰር። ቅስቱ ከታጠፈ ግን ቀበቶ አይሰሩ፤ ቢገለበጥ ከሥሩ ያስቀርዎታል። ተዳፋት ላይ አግድም ከመሄድ ይልቅ ቀጥ ብለው ይውጡ፣ ቀጥ ብለው ይውረዱ፤ ሲወርዱም በዝቅተኛ ማርሽ እንጂ በፍጹም በዜሮ አይሁን። ግንድ ወይም የተቀበረ መኪና ሲጎትቱ ደግሞ ሰንሰለቱን ከታችኛው መጎተቻ ላይ ብቻ ይሰሩ። ከኋላ አክስል በላይ ከታሰረ የፊት ጎማዎች ይነሱና ትራክተሩ ወደኋላ ይደፋል፣ ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፣ ለመዝለል ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ ሎደሩን ሞልቼ ሳነሳ የኋላው ይቀለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከኋላ ክብደት አድርግበት፣ ከባድ መሣሪያም ቢሆን ይሆናል። ጭነቱን ከመሬት ብዙ ሳታርቅ ተጓዝ። ከፍ አድርገህ መታጠፍ የሚባል ነገር አይታሰብ!

ጥያቄ፦ ፒቲኦ (የሞተሩን ኃይል ለመሣሪያ የሚያስተላልፈው የሚዞር ዘንግ) ይህን ያህል አደገኛ ነው እንዴ? ሁሉም ያስፈራሩኛል።

መልስ፦ ነው። በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፣ ማለትም በሰከንድ 9 ጊዜ። የልብስ ጫፍ ከያዘ ሰውየው "ያዘኝ" ብሎ ሳይጨርስ ጠቅልሎታል። የፕላስቲክ መሸፈኛው ተሰብሮ ከሆነ ሳትቀይረው አትሥራ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ገመድ ይቅር። ሣር ሲቋጠርበት ፒቲኦውን አጥፋ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ንቀል፣ መዞሩ እስኪቆም ጠብቅ፣ ከዚያ ውረድ። በሚዞር ዘንግ ላይ ተሻግሮ የሚያልፍ ሰው ሳይ በጣም እናደዳለሁ።

ጥያቄ፦ ጭቃ ውስጥ አንድ ጎማ ብቻ ሲዞርብኝስ?

መልስ፦ የዲፈረንሻል መቆለፊያውን ተጠቀም፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ያቆራኛቸዋል። ጎማው በኃይል እየዞረ ሳለ ግን አታስገባው፣ መጀመሪያ አቁም። ከመታጠፍህ በፊት ልቀቀው፣ ካልለቀቅከው መሪው አይታዘዝልህም።

ጥያቄ፦ ትንሹ ልጄ አብሮኝ ካልወጣሁ ይላል። ቀስ ብዬ ብነዳስ?

መልስ፦ አይሆንም። መቀመጫው አንድ ነው፣ የሚወጣውም አንድ ሰው ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ትራክተርም የወደቀን ልጅ በኋላ ጎማ ይረግጣል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሣሪያው መሬት ላይ ወርዶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ሳለ መሪውን ይያዝ፣ እሱ ይበቃዋል።