ውሻዬን መቼ ላስመክናት? ማደንዘዣውስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ስምንት ወር ተኩል የሆናት ሴት ውሻ አለችኝ። የትልቅ ዝርያ ድቅል ናት፤ ከአሁኑ 26 ኪሎ ትመዝናለች፣ ገናም እያደገች ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ደም አየች፤ አሁን ቆሟል። አንዱ ሐኪም «ዛሬውኑ አምጣትና እናምክናት» አለኝ፤ ሌላው «ዓመት ተኩል ይሙላት» አለኝ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ማደንዘዣው ነው። የእህቴ ውሻ ለጥርስ ብላ ተኝታ ሳትነቃ ቀረች። እስኪ ይምከሩኝ።

መልስ፦ ዛሬውኑ አያስመክኗት። ዓመት ተኩል መጠበቅም ለእርስዎ ውሻ የሚሆን አይመስለኝም። ዓመት ሲሞላት ይውሰዷት።

ምክንያቱን ልንገርዎት። ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ወቅት የማህፀኗ የደም ሥሮች ያብጣሉ፤ ደሙ ከቆመ በኋላም ቶሎ አይመለሱም። ያኔ ሆዷን የከፈተ ሐኪም ብዙ የሚደማ፣ በቀላሉ የሚቀደድ ነገር ነው የሚያገኘው። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ደግሞ፣ ብታረግዝም ባታረግዝም፣ ሰውነቷ እንዳረገዘ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በዚያ መሃል እንቁልጢዎቿ (እንቁላል የሚያመርቱት ዕጢዎች) ቢወጡ ሆርሞኗ በአንዴ ይወርድና ጡቷ ወተት ሊያቀር፣ አሻንጉሊት ይዛ ጥግ ልትገባ፣ ሰው አላስጠጋም ልትል ትችላለች። ስለዚህ ደም ካየችበት ቀን ሦስት ወር እንቆጥራለን። ጡቷ ላይ ወተት ካለ ደግሞ እስኪደርቅ እንጠብቃለን።

ሁለተኛው ምክንያት አጥንቷ ነው። የአጥንት ማደጊያ ጫፎች እንዲዘጉ የሚያደርገው አንዱ ነገር ከእንቁልጢዋ የሚመጣው ሆርሞን ነው። በትንንሽ ዝርያዎች ይህ ብዙም አያሳስበኝም። ትልልቆቹ ላይ ግን፣ በተለይ ዓመት ሳይሞላቸው ከመከኑ፣ የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛ በአንዳንድ ዝርያዎች ታይቷል። ትልልቅ ሴቶች ሲመክኑ፣ በኋላ ዕድሜያቸው ሽንት ሊያመልጣቸው እንደሚችልም አልደብቅዎትም። አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት የሚያዝ ነው።

«ታዲያ ለምን ዓመት ተኩል አልጠብቅም?» ይሉኝ ይሆናል። ሁለተኛው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ስድስትና ሰባት ወር ቆይቶ ስለሚመጣ፣ የእርስዎ ውሻ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ሲሆናት እንደገና ደም ልታይ ትችላለች። እያንዳንዱ ዙር ደግሞ በጡት ካንሰር በኩል ዋጋ አለው። ሐኪሞች ዘወትር የሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. የ1969ኙ ጥናት፣ ካልመከነች ውሻ አንጻር አደጋው ከመጀመሪያው ዙር በፊት ለመከነችው 0.5 በመቶ፣ ከአንድ ዙር በኋላ 8 በመቶ፣ ከሁለት በኋላ 26 በመቶ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ማስረጃዎቹን እንደገና የመረመሩ ሰዎች ደካማ ሆነው ስላገኟቸው እኔም ቁጥሮቹን እንደ ፍርድ አልይዛቸውም፤ አቅጣጫቸውን ግን አምናለሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የሰው ውሻ ሁሉ ሳመክን የራሴን «ዛሬ ነገ» እያልኩ ሰባት ዓመት አደረስኳት። አንድ ሰሞን ውሃ አብዝታ መጠጣት ጀመረች፤ «ሙቀቱ ነው» አልኩ። ምግብ ስትተው ነው የነቃሁት። ደም ካየች ስድስት ሳምንቷ ነበር፤ ማህፀኗ መግል ሞልቶ ነበር። ይህ ባልመከኑ ሴት ውሾች ላይ ብርቅ አይደለም፤ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ከአራቷ አንዷን ገደማ ይይዛል። ውሻዬ ተረፈች። ግን ጤነኛ ሆና ላስተኛት እየቻልኩ ትኩሳት ይዟት፣ ደሟ ተመርዞ አስተኛኋት። ያን ሌሊት አልረሳውም።

የማደንዘዣው ጉዳይም እዚሁ ላይ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የእንግሊዝ ትልቅ ጥናት ከማደንዘዣ ጋር የተያያዘ ሞትን ሲቆጥር፣ ጤነኛ ከነበሩ ውሾች 0.05 በመቶ ገደማ፣ ታመው ከተኙት ደግሞ 1.33 በመቶ ሆኖ አገኘው። ሃያ ስድስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ጤነኛ ሆና ብትተኛ ለውሻዎ የሚፈሩት የማደንዘዣ አደጋ ትንሹ ነው።

ያ ጥናት ያሳየን ሌላም ነገር አለ፤ ከሞቱት ውሾች ግማሽ ያህሉ የሞቱት ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው፣ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት። ባለቤቶች ሁሌ «የትኛውን መድኃኒት ነው የምትሰጡት?» ይሉኛል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው «ቀና ብላ እስክትቀመጥ ድረስ አጠገቧ የሚቆየው ማን ነው?» ብዬ ነው። ሐኪሙ ራሱ እየቀደደ ራሱ ትንፋሽ የሚቆጥር ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። የመተንፈሻ ቱቦ ያስገቡላት እንደሆነ፣ እግሯ ላይ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ተክለው ፈሳሽ ይሰጧት እንደሆነ፣ ምላሷ ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ እንዳላቸው ይጠይቁ። የምታስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ ካላቸው እሰየው። ማሞቂያም አይርሱ፤ የተኛ ውሻ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ደግሞ ቶሎ አይነቃም።

ከዚያ በፊት ልቧ ይደመጥ፣ በሚዛን ትመዘን (በዓይን ግምት መድኃኒት የሚቀዳ ሰው አልወድም)፣ ደሟ ይመርመር። መዥገር የሚነክሳት ውሻ ከሆነች በተለይ ደም የሚያረጉት ሕዋሳት ይቆጠሩ፤ መዥገር የሚያመጣቸው አንዳንድ በሽታዎች ሳይታወቁ ያመናምኗቸዋል። ድቅልነቷ ከምን እንደሆነ የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩ፤ አፍንጫ ደፍጣጣ፣ ቀጭን የሩጫ ውሻና ኮሊ የሚባለው የእረኛ ውሻ ዝርያ በመድኃኒት አሰጣጥም በአነቃቅም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው።

ማታ ራት ትብላ፣ ጠዋት ምንም አይስጧት፤ ውሃ እስከምትወጣ ድረስ ትጠጣ። አንድ ደንበኛዬ «ሆዷ ባዶ ነው» ብሎ ምሎልኝ፣ ውሻዋ ገና ሳትነቃ ሙሉ ቁርሷን አስመለሰች። አሳዝናው ነው። አብልተዋት ከሆነ ይናገሩ፤ ቀጠሮ ይቀየራል እንጂ ማንም አይቆጣዎትም።

ቤት ስትገባ ድዷን ይዩ። ሮዝ ከሆነና በጣት ተጭነው ሲለቁት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ከተመለሰ ደህና ነው። ከነጣ፣ ሆዷ ከተነፋ ወይም ልትነሳ ካቃታት ሌሊትም ቢሆን ይደውሉ። ሐኪሙ የሰጠዎትን የሕመም ማስታገሻ ብቻ ይስጧት፤ የእርስዎን ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ከአጠገቧ ያርቁ። ቁስሉን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚታሰረውን ከለላ እስከ አሥርና አሥራ አራት ቀን አያውልቁላት። ከመከነች በኋላ ቶሎ ስለምትወፍር ምግቧን ቀነስ ያድርጉ።

አንድ ነገር ሳልጠይቅዎት እንዳልቀር፤ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ወንድ አግኝቷት ነበር? ከተጠራጠሩ ከተገናኙ አንድ ወር ሲሆን በአልትራሳውንድ ትታይ፤ አርግዛ ከሆነ ከላይ የቆጠርኩት ቀን ሁሉ ይፈርሳል። የእህትዎ ውሻ ደግሞ ዕድሜዋ ስንት ነበር? የሞተችው ተኝታ ሳለ ነው ወይስ ስትነቃ? ሁለቱ ከአንድ እናት ከሆኑ ይህን ሳይነግሩት ሐኪሙ መርፌ እንዳያነሳ።